አሥራ አራተኛው እጥፋት

አንድ ወንድ ሚስት ሲጠይቅ ቤተሰቦቿ ስለ ሥራው፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ አመሉ ያጣራሉ። የእኔ አማት ግን «እጅህን ዘርጋ» ነው ያሉኝ። ዘረጋሁ። መዳፌን ገልበጥ አድርገው አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱትና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ያልበዋል» አሉ።

«ፈርቶ ነው እኮ፣ አባባ» አለች ባለቤቴ፤ ያኔ ገና እጮኛዬ ነበረች።

«መጽሐፍ ሲይዝስ ይፈራል?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። የሳቅኩት ብቻዬን ነበር።

አማቴ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ከላይ ይኖራሉ፣ ከታች ይጠርዛሉ። የሙጫው ሽታ ደረጃውን ተከትሎ ምግብ ቤት ድረስ ስለሚወጣ እንግዳ ሲመጣ ወጡ ያረረ ይመስለዋል። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ የምንኖረው እዚያው ግቢ፣ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው፤ የምንበላውም ከእነሱ ጋር ነው። አራት ወር ሙሉ ግን አባባ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም። «እንግዳው በላ?» ይላሉ። «እንግዳው በሩን ቆለፈው?» የጣሪያቸውን ቆርቆሮ ስመታ ውዬ እጄ ተልጦ የወረድኩ ዕለት እንኳ «እንግዳው ደክሞታል፣ ውሃ ስጡት» ነው ያሉት።

«ታገሥ» ትለኛለች ባለቤቴ። «ገና አብራችሁ መጽሐፍ አላነበባችሁም።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ የሴትዮዋ አዲስ መጽሐፍ የወጣ ቀን ነው።

«ሴትዮዋ» በዚህ ቤት አንድ ሰው ብቻ ናት፤ አሥራ አንድ ልብ ወለድ የጻፈች፣ አንዳቸውም በአካል አይተዋት የማያውቋት፣ ነገር ግን እንደ ሥጋ ዘመድ የሚያሟት ደራሲ። «ሴትዮዋ ዘንድሮ ዘገየች» ይላሉ። «ባለፈው ያቺን ምስኪን በምን አንጀቷ ገደለቻት?» ይላሉ። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የእሷ አምላኪ ነኝ። ባለቤቴንም ያወቅኳት ሰባተኛውን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ቀድማ ተውሳብኝ ተጣልተን ነው።

አሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ «ቁልፍ ርክክብ» ይባላል። መንፈስ ያደረበት ቤት ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲባል ሰው የሚጠብቀው አሮጌ ግንብ፣ የሚያቃስት ደረጃና የሸረሪት ድር ነው። ሴትዮዋ ግን መንፈሱን ያስገባችው ቀለሙ ያልደረቀ፣ የመስኮቱ ላስቲክ ገና ያልተላጠ አዲስ ቪላ ውስጥ ነው። ማንም አልኖረበትም፣ ማንም አልሞተበትም። አንዲት መሐንዲስ ቁልፉን ተረክባ ትገባለች። በሦስተኛው ቀን የበሩ ደወል ይጮኻል፤ ካሜራው የሚያሳየው ባዶ ደጃፍ ነው። የውሃ ማሞቂያው ራሱን ያበራል። መሐንዲሷ ለገንቢው ድርጅት አቤት ስትል «የጠቀሱት መንፈስ በውሉ ውስጥ ስላልተካተተ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይደርሳታል። እዚህ ጋ ስደርስ ሳቄ ከኋላ ክፍል ጥረዛ ቤት ድረስ ተሰማ፤ አባባም ከታች «እንግዳው ሦስተኛው ላይ ደረሰ» ብለው ለሚስታቸው ለእማማ ሲነግሯቸው ሰማሁ።

ሦስተኛው ምን? ሦስተኛው እጥፋት።

መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው አምስት ነው። ሌላ ቤተሰብ ቢሆን ተራ ይጠብቃል። አባባ ግን መጽሐፉ ከመደብር እንደመጣ ጠረጴዛቸው ላይ አስተኝተው ሽፋኑን ይገፍፉና ክሩን በምላጭ በጥሰው ይበትኑታል። መጽሐፍ ውስጡ ሲታይ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ ሆነው የታጠፉ ወረቀቶች ተደራርበው የተሰፉበት ነው። አባባ «እጥፋት» ይሏቸዋል። «ቁልፍ ርክክብ» ሃያ ሁለት እጥፋት ወጣው። በእያንዳንዱ ራስጌ ላይ በእርሳስ ቁጥሩን፣ ከሥሩ ደግሞ የጥረዛ ቤቱን ስልክ ይጽፋሉ። ከዚያ እጥፋቶቹ በቤቱ ይዞራሉ። መጀመሪያ እማማ ያነባሉ። ቀጥሎ የባለቤቴ ታላቅ እህት፤ ነርስ ስለሆነች እናቷም ሳይቀሩ «ሲስተር» ነው የሚሏት። ቀጥሎ ባለቤቴ። አንድ እጥፋት አንድ ሰው ዘንድ የሚቆየው ሁለት ቀን ነው። አባባ የሁሉም መጨረሻ ናቸው፤ እያነበቡ መልሰው ይሰፉታል። ሲያልቅ ጠንካራ ሽፋን ይለብስና መደርደሪያው ላይ ከአሥራ አንዱ ታላላቆቹ ጎን ይቆማል።

ሕጉ ሁለት ነው። የቀደመ ለተከተለ ትንፍሽ አይልም፤ ሁሉም ሲጨርስ ጥረዛ ቤት ተሰብስቦ እስኪበቃው ያወራል፣ ከዚያ በፊት ግን አይሞከርም። ሁለተኛው፣ ወረቀት አይጎዳም። ሲስተር ከዓመታት በፊት አንድ እጮኛ ነበራት፤ መልከ መልካም፣ የተማረ። ምልክት ይሆነኛል ብሎ የአንድ ገጽ ጥግ አጠፈ። ዛሬ በዚህ ቤት ስሙ አይነሳም፣ «ያ አጣፊው» ነው የሚባለው።

«ለዚህ ብለሽ ተውሽው?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«ሌላም ነገር ነበረበት» አለች። «ምን እንደነበረ ግን አሁን ትዝ አይለኝም።»

ለእኔ በባለቤቴና በአባባ መካከል ቦታ ተሰጠኝ። አባባ እጥፋቱን ይዤ የምሄድበት የካርቶን ማኅደር በእጃቸው ሠሩልኝ። «እንግዳው ላብ ስላለበት ነው» አሉ ለእማማ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ። ቢሆንም ማኅደሩን ይዤ ስወጣ ሹመት የተቀበልኩ ያህል ነበር። ይህን መጽሐፍ በሰላም ከጨረስኩ እንግድነቴ እንደሚያበቃ ማንም ሳይነግረኝ አውቄያለሁ።

አሥራ ሦስት እጥፋት በሰላም አለፈ። አሥራ ሦስተኛው የሚያልቀው መሐንዲሷ መሰላል ይዛ ጣሪያው ላይ ስትወጣ ነው። የውሃ ታንከሩ ባዶ ነው፤ ራሷ ናት ያስጠረገችው። ጆሮዋን ስትደግን ከውስጥ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። እዚያ ላይ ገጹ አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ አራትን በማኅደሩ ይዤ ወጣሁ። ዝናብ ስለነበረ ታክሲ ያዝኩና ጋቢና ገባሁ። ሹፌሩ እያዛጋ ማኅደሩን አየው።

«ምንድን ነው?»

«መንፈስ ስላደረበት ቤት የተጻፈ መጽሐፍ ነው።»

«እኔ መንፈስ አልፈራም» አለ። «የምፈራው ትራፊክ ነው።»

እጥፋቱን አወጣሁ። የመጀመሪያውን መስመር ሳልጀምር አለቃዬ ደወለ። ሥራዬ የቤት ዕቃዎች አጠቃቀም መመሪያ መጻፍ ነው፤ ከማሞቂያ፣ ከመጥበሻ፣ ከካውያ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣውን፣ ማንም የማያነበውን ወረቀት። አለቃዬ የጁስ መፍጫው መመሪያ ላይ የፀጉር ማድረቂያ ሥዕል ታትሟል እያለ ይጮኻል። እጄ ማላብ ጀመረ። ላቡ እንዳይነካው ብዬ፣ እግዜር ያያል ለጥንቃቄ ብዬ፣ እጥፋቱን በሁለት ጣት ይዤ ፊት ለፊቴ ካለው ደረቅ ዳሽቦርድ ላይ በቀስታ አኖርኩት። እየተጨቃጨቅሁ ደረስኩ፣ ከፈልኩ፣ ማኅደሬን ደረቴ ላይ አቅፌ ወረድኩ።

ቢሮ ገብቼ ስከፍተው ባዶ ነው።

መንገድ ወጥቼ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ታክሲዎቹ ሁሉ አንድ ቀለም፣ ሹፌሮቹም ሁሉ የሚያዛጉ ናቸው። መጽሐፍ መደብር ሄድኩ፤ የመጀመሪያው ኅትመት በአራት ቀን አልቋል፣ ሁለተኛው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፤ ሠላሳ አንድ ሰው ይጠብቃል። «ያ አጣፊው» ጥግ ስላጠፈ ስሙ ጠፋ፤ እኔ አሥራ ስድስት ገጽ ሙሉ ጥዬ ምን ልባል ነው?

በዚያ ላይ የባሰው ነገር፣ አላነበብኩትም።

ምሳ ላይ ባለቤቴ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ፊቴን ታጠና ጀመር።

«ጀመርከው?»

«ምኑን?»

«አሥራ አራትን ነዋ!»

«እ… አዎ። ጀምሬዋለሁ።»

«እና?»

«ጥሩ ነው።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጥሩ ነው? እኔ እኮ ጮኬ ነው ከአልጋ የወረድኩት። ሲስተር የሥራ ገበታዋ ላይ አልቅሳ በሽተኛው ነው ያባበላት። አንተ ጥሩ ነው?»

«ሕጉን እንዳትጥሺ» አሉ አባባ ከጠረጴዛው ጫፍ።

«አልጣስኩም፣ አባባ። ድንጋይ ማግባቴን እየገለጽኩ ነው።»

ያን ቀን እውነቱን ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ብነግራት ወይ ለአባቷ ትዋሻለች፣ ወይ በእኔ ላይ ትፈርድብኛለች፤ ሁለቱንም አልፈለግኩትም። ስለዚህ ወንድ ልጅ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ነገሩን ይበልጥ አበላሸሁት። አሥራ አራተኛውን ራሴ ልጽፈው ወሰንኩ። እማማም ባለቤቴም እህቷም ያነበቡት እውነተኛውን ነው፤ የእኔን የሚያነቡት አባባ ብቻ ናቸው። አንድን አዛውንት ለአሥራ ስድስት ገጽ ማታለል ምን ይከብዳል?

መጀመሪያ አሥራ አምስተኛውን ባለቤቴን ለምኜ አስቀድሜ ወሰድኩ። ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ካወቅኩ መሃሉን መሙላት አያቅተኝም ብዬ ነው። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከዚያ ወዲህ አንድ ዓይናው ውሻ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አላየም። መሐንዲሷ በፋሻ የታሰረ ግራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ‹የታንከሩን ነገር ለማንም እንዳትነግር› አለችው።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምን ውሻ? እስከ አሥራ ሦስት ድረስ በመጽሐፉ ውስጥ ድመት እንኳ አልነበረም። ዓይኑስ የት ሄደ? እጇንስ ማን ሰበረው? ደግሞ ለውሻው ነው የምትነግረው ወይስ ሌላ ሰው አለ?

ሁለት ቀን በምሳ ሰዓትና ከምሳ ሰዓት ውጭ ቢሮዬ ተቀምጬ ጻፍኩ። ታንከሩ ውስጥ የሚያንኳኳው ውሻው ነው አልኩ። ውሻ ጣሪያ ላይ ያለ ታንከር ውስጥ እንዴት ገባ? «እንዴት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም» ብዬ አለፍኩት፤ ቤቱ መንፈስ ያደረበት መሆኑ እዚህ ላይ በጣም ጠቀመኝ። የመሐንዲሷ እጅ የተሰበረው መሰላሉን በትክክል ሳታቆም ስለወጣች ነው። አሥር ገጽ ላይ ታሪኩ አለቀብኝ። ስድስት ገጽ ሲተርፈኝ መሐንዲሷን ልጅነቷን አስታወስኳት።

ገጾቹን ያቀናበረችልኝ የቢሮአችን ዲዛይነር ናት። የመጽሐፉን ፊደል ዓይነት በአንድ እይታ ለየችው፤ ከዚያ ማንበብ ጀመረችና ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ።

«ይህ መንፈስ ነው ወይስ ማሞቂያ?»

«ምን ሆነ?»

«‹ታንከሩን ከመክፈትዎ በፊት መሰላሉ ደረቅና ደልዳላ ቦታ ላይ መቆሙን ያረጋግጡ።› ለማን ነው የምትናገረው?»

«ለመሐንዲሷ።»

«መንፈስ እያንኳኳባት አንቱ ትላታለህ?»

አንቱታውን አወጣሁ። ቆጣሪውን ግን አላወጣሁም። መሐንዲሷ እጇ እርጥብ ነው፣ ታንከሩ አጠገብ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለ፤ ስለዚህ ከጣሪያው ወርዳ ዋናውን ቆጣሪ ታጠፋና ተመልሳ ትወጣለች። ዲዛይነሯ «ፍርሃቱን ገደልከው» አለችኝ። ሊሆን ይችላል። ግን እኔ በሕይወቴ ቆጣሪ ሳላስጠፋ ሰውን እርጥብ እጁን ይዞ ወደ ፓምፕ ሰድጄ አላውቅም፤ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ወረቀቱን አጠፍኩት። ራስጌው ላይ በእርሳስ፣ የአባባን እጅ ጽሑፍ አስመስዬ፣ አሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም የጥረዛ ቤቱን ስልክ። ሰባት ቁጥርን ሲጽፉ የሚያክሉባትን ጭረት ሳይቀር ቀዳሁ። በሥራዬ ኮራሁ።

አባባ ተቀበሉኝ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎበጥ አደረጉት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እንግዳው ፈጥኖ አነበበ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቀሪዎቹ ስምንት እጥፋቶች ዞሩ። ባለቤቴ ግን አልረሳችልኝም፤ በየምሳው ፊቴን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች።

የመጨረሻው እጥፋት ከእጄ ወጥቶ አባባም ባነበቡት እሁድ ከሰዓት ሁላችንም ጥረዛ ቤት ወረድን። እማማ የሙጫ ባልዲውን ገፋ አድርገው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ሲስተር የወረቀት ክምር ላይ፣ እኔና ባለቤቴ መጭመቂያውን ተደግፈን ቆምን። ሌላ ጊዜ በዚህ ቀን መጽሐፉ ተሰፍቶ ያድር ነበር አሉኝ። ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን ሌላ ነው፤ አሥራ ሦስት እጥፋት ተሰፍቷል፣ ከአሥራ አምስት ጀምሮ ያለው እንደ ተበተነ ነው።

«ምነው አልጨረስከውም?» አሉ እማማ።

«እጄ ደከመኝ» አሉ አባባ።

እማማ ሲስተርን አዩ፣ ሲስተር እማማን አየች። ይሁን እንጂ ወሬው ተጀመረ፤ ከወር በላይ የታፈነ ወሬ ነው፣ የሚያቆመው የለም። ሁሉም ግን ወደ አሥራ አራት እንደሚያመሩ ወዲያው ታየኝ።

«እኔን የገደለኝ ውሻው ነው» አለች ሲስተር። «እንደዚያ ይሆናል ብዬ በፍጹም!»

«እኔ ከውሻው ይልቅ ደብዳቤው ነው» አለች ባለቤቴ።

«ኧረ ደብዳቤውስ!» አልኩ እኔ። ምን ደብዳቤ?

«እንግዳው ምን ይላል?» አሉ አባባ። «አሥራ አራትን እንዴት አየኸው?»

«በጣም… ያልጠበቅኩት ነው» አልኩ። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

«ለእኔ ደስ ያለኝ» አሉ አባባ ረጋ ብለው፣ «ከጣሪያው ወርዳ ቆጣሪውን ማጥፋቷ ነው።»

እማማ በርጩማቸውን አስጠጉ።

«ምን ቆጣሪ?» አሉ እማማ።

«ዋናውን ቆጣሪ። እጇ እርጥብ ነው፣ ፓምፕ አለ። ከዚያ ስለ ልጅነቷ ስድስት ገጽ ታስባለች።»

«አንተ ሰውዬ፣ የምን ልጅነት? እንዲህ ያለ ነገር የለም እኮ!»

«እንዴት አይኖርም? በዓይኔ ያነበብኩትን!»

ሲስተር ከክምሩ ወረደች። አባቷ ፊት ተንበርክካ የእጃቸውን አንጓ ያዘች፤ ድምፅዋ ለበሽተኛ የምትናገርበት ሆነ። «አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«እሁድ ነዋ።»

«ውሻው ከየት ነው የመጣው?»

«ታንከሩ ውስጥ ነበር።»

«ወይኔ» አሉ እማማ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እጄ ደከመኝ ሲል ጠርጥሬ ነበር። ባለፈው ሳምንትም መነጽሩን ፍሪጅ ውስጥ አገኘሁት።»

«እሱ እንኳ እውነት ነው» አሉ አባባ።

«ነገ ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ» አለች ሲስተር። ባለቤቴ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ። አባባ ግን ማንንም አላዩም። እኔን ነው የሚያዩኝ፤ መልሴን የሚጠብቁ ሰው አስተያየት ነበር። ዝም ብል ከእንግዳ ወደ ልጅ እሸጋገራለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ከጠራዥ ወደ ታማሚ። አንደበቴን ከሙጫ እንደማላቀቅ ሆነብኝ።

«አልተሳሳቱም» አልኩ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ምኑን?» አለች ባለቤቴ።

«ቆጣሪውን። ልጅነቷን። ውሻውን ታንከር ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። አሥራ አራትን ታክሲ ውስጥ ጣልኩት፣ መናገር ፈራሁና አሥራ ስድስት ገጽ ከራሴ ጽፌ ለአባባ ሰጠኋቸው። እሳቸው ደህና ናቸው። የማልረባው እኔ ነኝ።»

እማማ፣ «መነጽሩንስ?» አሉ።

«መነጽሩ ላይ የለሁበትም።»

ባለቤቴ ክንዴን ለቀቀች። «አላነበብከውም?» አለች። «ያን ሁሉ ቀን ፊትህን ሳጠና… አላነበብከውም ነበር? እኔ እኮ ልብ የለውም ብዬ ለእህቴ ሁሉ ነግሬያታለሁ!»

አባባ መሳቢያውን ሳቡ። የእኔን እጥፋት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ራስጌው ላይ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ሰባቱን አሳምረህ ነው የጻፍከው። ይህን ስልክ በየእጥፋቱ ላይ ለምን የምጽፍ ይመስልሃል?»

ሃያ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንድ ጊዜ በእጄ ቀድቼዋለሁ፣ ለምን እንደሚጻፍ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የጠፋ ነገር ያገኘ ሰው እንዲደውል ነበር።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ፤ ሦስት ጊዜ። ሲስተር ብድግ አለች፣ መጽሐፉ ገና ከውስጧ አልወጣም። የገባው ሰው ግን እያዛጋ ነበር።

«አባት፣ የመጨረሻው ደረሰ?» አለና እኔን ሲያይ ጣቱን ቀሰረ። «እንዴ! እጁ የሚያልበው!»

የታክሲው ሹፌር። የጣልኩት ዕለት ከሰዓት በኋላ ደውሎ፣ አሥራ አራትን ይዞ መጥቶ ኖሯል። ከመመለሱ በፊት መኪናውን ጥግ አቁሞ አንብቦታል። ከዚያ ወዲህ ከአባባ ቀጥሎ እሱ ነው ተረኛው።

«ከመጀመሪያው አልጀመርክም?» አለችው ባለቤቴ።

«የኔ እመቤት፣ እኔ ሰውንም ከመሃል መንገድ ነው የምጭነው። እንደመጣ እናወራለን። ግን ውሻው! እንዴ፣ የዚያ ውሻ ነገር! ያን ቀን አምስት ተሳፋሪ ጥዬ…»

«ዝም በል!» አሉ እማማና ሲስተር በአንድ ላይ። «ያላነበበ ሰው አለ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

አባባ መሳቢያው ውስጥ እንደገና እጃቸውን ሰደዱ። እውነተኛው አሥራ አራት በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ጠርዙ እንኳ አልተነካም። አባባ ከመጀመሪያው ቀን ያውቁ ነበር። ዝም ብለው ምን እንደምሠራ ሊያዩ ጠበቁ፤ እኔም ውሻ ታንከር ውስጥ ከተትኩላቸው።

«ወረቀትህ አሳበቀህ» አሉኝ። «የመጽሐፉ ወረቀት በዚህ በኩል ሲጎብጥ እሺ ይላል፣ ያንተ ግን እንቢ ይላል። ከወረቀቱ የባሰ ደግሞ ቆጣሪው። በሴትዮዋ አሥራ ሁለት መጽሐፍ ውስጥ አንድም ሰው ቆጣሪ አጥፍቶ አያውቅም።»

«ታዲያ እውነተኛውን ይዘው ለምን አልሰፉትም?» አልኩ።

የጠየቅኩት ነገር እንደ ሞኝ ጥያቄ ሆነባቸው መሰለኝ፤ መርፌያቸውን አንስተው ክሩን በከንፈራቸው አርሰው ማስገባት ጀመሩ።

«ያላነበበ ሰው እያለ መጽሐፍ አይሰፋም፣ ልጄ። እጅህን ጥረግና ተቀመጥ።»

ሲስተር ፎጣ ወረወረችልኝ። እማማ በርጩማቸውን ለቀቁልኝና የእኔን እጥፋት ከጠረጴዛው ላይ አነሱት። «እስቲ እኔ ደግሞ ይህን ልየው» አሉ። አባባ ከእጃቸው ተቀበሉና ከአሥራ አራት ቁጥሩ ጎን በእርሳስ «የቤት» ብለው ጽፈው መለሱላቸው። «ሁለት ቀን ነው ያለሽ፣ ከዚያ ለሲስተር።» እማማ ሁለተኛው ገጽ ላይ «ደረቅና ደልዳላ ቦታ» ብለው ጮክ አሉና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እኔ አሥራ አራትን ከፈትኩ። አባባ መርፌያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ሲስተር፣ ባለቤቴና ሹፌሩ ፊት ለፊቴ ተደርድረው ቆመው ገጹን ሳይሆን ፊቴን ያነባሉ። ሰው እየተነበበ ሲያነብ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። አራተኛው ገጽ ላይ ባለቤቴ አፏን በእጇ ያዘች።

«ደረሰ?» አለ ሹፌሩ በሹክሹክታ።

«ገና ነው» አለች። «አሁን ይገልጣል።»

ገለጥኩ። እንዴት እንደጮህኩ ጎረቤት ይመስክር። ባለቤቴ እየሳቀችም እያለቀሰችም አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ «አየሽ፣ ድንጋይ አይደለም!» ትላለች ለእህቷ፣ ሹፌሩም ራሱ የጻፈው ይመስል ትከሻዬን ይመታኛል።

ውሻው ከየት እንደመጣ አልነግራችሁም። ሕግ ሕግ ነው። ቆጣሪውን ግን ማጥፋት ነበረባት።